ቅጠሉን ገልብጡት፦ ስለ ጓሮ ኪያር የተደረገ ንግግር

(መጋቢት ላይ፣ አንድ እሁድ ጠዋት፣ ቢሾፍቱ በሰፈራችን የእድር አዳራሽ የተናገርኩት ነው። ብዙ ሰው “ጻፊልን” ስላለኝ እንደተናገርኩት አድርጌ አስቀምጬዋለሁ።)

እናቶቼ፣ አባቶቼ፣ እህት ወንድሞቼ፣ እንደምን አረፈዳችሁ።

እጄ ላይ ያለውን ቅጠል እዩልኝ። ዛሬ ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ ከጓሮዬ የቆረጥኩት የኪያር ቅጠል ነው። ከላይ ስታዩት ምንም የለበትም። አረንጓዴ ነው፣ ሰፊ ነው፣ ጤነኛ ይመስላል። አሁን ልገልብጠው። ከኋላ ያላችሁ ላይታያችሁ ስለሚችል ልንገራችሁ። በጅማቱ ጥግ ጥግ ጥቋቁር ነጠብጣብ ተደርድሯል። ጠጋ ብላችሁ ስታዩት ነጠብጣቡ እግር አለው። አንዱ ይንቀሳቀሳል። የተክሉን ጭማቂ የሚመጥ ደቃቅ ተባይ ነው፣ ክሽክሽ ነው።

ይህ ቅጠል በሳምንቱ ይጨማደድ ነበር። ያን ጊዜ “ኪያሬን ምን ነካው?” ብዬ ወደ መድኃኒት ሱቅ እሮጥ ነበር። ዛሬ ግን በጣቴ ጨፈለቅኳቸው፣ የቀሩትን በሳሙና ውሃ አጠብኳቸው፣ አለቀ። ልዩነቱ አንድ ሳምንት ነው። አንድ ሳምንት ቀድሞ ማየት። ዛሬ የምነግራችሁ ነገር ሁሉ ዞሮ ዞሮ ቅጠሉን ከመገልበጥ ጋር የተያያዘ ነው።

ኪያር ማብቀል ከጀመርኩ ዘጠኝ ዓመቴ ነው። የመጀመሪያው ዓመት ያደረግኩትን ልንገራችሁ፣ ምክንያቱም አሁንም ብዙ ቤት ሲደረግ አያለሁ። ዘሩን የዘራሁት ሐምሌ ላይ ነው። ዝናብ ስላለ ውሃ ማጠጣት አይጠበቅብኝም ብዬ። ከበቀለው ግማሹ ገና በሁለት ቅጠሉ ከግንዱ ሥር በስብሶ ወደቀ። የተረፈው መስከረም ላይ አበበ፣ ቅጠሉም መቀየር ጀመረ። ለአንድ ሰው ነገርኩት። ሰውየው በሃይላንድ ጠርሙስ የተቀዳ መድኃኒት ሸጠልኝ። ምልክት የለው፣ ስም የለው፣ ስንት ይጨመር የሚል ጽሑፍ የለው። ስድስት ሰዓት ላይ፣ ፀሐይ አናት ላይ ሆና፣ አበባውን ሳይቀር አጠጣሁት።

በማግስቱ ከአበቦቹ ሥር የሞቱ ንቦች አገኘሁ። አሥራ አንድ ነበሩ፣ ቆጥሬያቸዋለሁ። ከዚያ በኋላ አበባው ይፈካል፣ ይጠወልጋል፣ ፍሬ የለም። ሁለት ሳምንት ሳይሞላ ደግሞ ቅጠሉ ሁሉ ቢጫ በቢጫ ሆነ፣ ከሥሩ የሸረሪት ድር የመሰለ ነገር ወረሰው። ቀይ ሸረሪት የሚባለው፣ በዓይን ለማየት የሚያስቸግር ደቃቅ የቅጠል ተባይ ነበር። ቀይ ሸረሪትን የሚበሉ ትንንሽ ነፍሳት አሉ። እነሱን ራሴ ነበርኩ የጨረስኳቸው። ይህን ያስረዱኝ ጎረቤቴ የነበሩ አንድ አዛውንት ናቸው። አንድ ቅጠል ቀጠፉና ገለበጡት። “ልጄ፣ መጀመሪያ እዚህ እይ” አሉኝ። ሌላ ብዙም አልተናገሩም።

እንግዲህ ወደ ሥራው እንግባ።

ኪያር የሙቀት ልጅ ነው። ከ20 እስከ 30 ዲግሪ ባለው ሙቀት ይስቃል። ከ15 ዲግሪ በታች እንቅልፍ ይይዘዋል፣ ከ10 በታች ይጎዳል። የእኛ ቢሾፍቱ ከባሕር ወለል በላይ 1,900 ሜትር ገደማ ላይ ናት። ቀኑ ይሞቃል፣ የኅዳርና የታኅሣሥ ሌሊት ግን አጥንት ይሰብራል። ስለዚህ እኔ የምዘራው በጥር መጨረሻና በየካቲት መጀመሪያ ነው። ከዘር እስከ መጀመሪያ ፍሬ ሁለት ወር ገደማ ይፈጃል። ከመጋቢት መጨረሻ ጀምሮ ሚያዝያን እበላለሁ፣ ግንቦትም ይጨመርልኛል። ሰኔ ሲመጣ እነቅለዋለሁ። አዲስ አበባ ያላችሁ ዘመዶቻችሁ ቢጠይቋችሁ ለእነሱ ይከብዳል በሏቸው። ወይ ግድግዳ ተደግፎ ፀሐይ የሚያርፍበት ቦታ ይፈልጉ፣ ወይ በላስቲክ ይሸፍኑ። አዳማና ሐዋሳ ላሉት ከእኛም የተሻለ ይቀላቸዋል።

በበጋ ስትተክሉ ከግማሹ በሽታ ትገላገላላችሁ። የቀረውን ግማሽ አሁን እናየዋለን።

ቡቃያው ገና ሁለት ሦስት ቅጠል ሲያወጣ ያረጀ ነጠላ አልብሱት። አዎ፣ ነጠላ። አራት ቀጫጭን እንጨት ተክላችሁ ከላይ ጣል አድርጉበትና ዳር ዳሩን አፈር ጫኑበት። ብርሃን ያስገባል፣ ውሃ ያስገባል፣ ክሽክሽና ነጭ ዝንብ ግን አያስገባም። አጎበር አይሆንም ወይ የሚሉኝ አሉ። ነጭ ዝንብ በአጎበር ቀዳዳ ታልፋለች። ደግሞ አጎበር የልጆች ነው፣ ለወባ ነው የተሰጠን። ነጠላው ይበቃል።

ለምን ይህን ያህል እደክማለሁ? በቫይረሱ ምክንያት ነው። የኪያር ሞዛይክ ቫይረስ የሚባል አለ። ሳይንቲስቶች በፈረንጆቹ 1916 ኪያር ላይ ስላገኙት ነው ስሙ የኪያር የሆነው እንጂ ቲማቲሙንም ቃሪያውንም ብዙ አረሙንም ይይዛል። ከሺህ በላይ የዕፅዋት ዓይነት ያጠቃል። የሚያመላልሰው ክሽክሽ ነው። ክሽክሽ ከታመመ አረም ላይ ተነስቶ ኪያሩን ለጥቂት ሴኮንድ በአፉ ከቀመሰው በቂ ነው። እስቲ አስቡት። እናንተ መድኃኒት ስትረጩ ክሽክሹ ሊሞት ይችላል፣ ከመሞቱ በፊት ግን ቀምሶ ጨርሷል። ስለዚህ ቫይረስን በመርጨት አታሸንፉትም። እንዳይደርስ መከልከል ነው። ነጠላው ለዚህ ነው። ዙሪያውን አረም መንቀልም ለዚህ ነው። መሬቱን በጤፍ ጭድ መጎዝጎዝም ይረዳል። ጭዱ እርጥበት ከመያዙ ሌላ፣ ክሽክሽ ከሰማይ ሲወርድ አረንጓዴውን ከአፈሩ ለይቶ እንዳያርፍ ያደናግረዋል። እዚህ አገር ደግሞ ጭድ መቼ ይጠፋል።

ቫይረስ የያዘው ኪያር ይታወቃል። ቅጠሉ አረንጓዴና ቢጫ ተቀላቅሎ ዥንጉርጉር ይሆናል፣ ይጨማደዳል፣ ያንሳል። ፍሬው ጎርበጥባጣ ነው፣ ይገረጣል። መድኃኒት የለውም። ይኼኔ ሰው ያሳዝነዋል፣ “ትንሽ ልታገሰው” ይላል። አትታገሱት። ንቀሉት፣ ከግቢ አውጡት፣ እጃችሁን በሳሙና ታጠቡና ወደሌላው ሂዱ። ዘር ስትገዙ ደግሞ ፓኬቱን አንብቡ። በሽታ የሚቋቋሙ ዝርያዎች አሉ። ማርኬትሞር 76 የሚባለው በአሜሪካ ኮርኔል ዩኒቨርሲቲ የወጣ ነው። ይህን ቫይረስ ይቋቋማል። እሱን ካገኛችሁ ሌላ አታማርጡ።

ክሽክሹ ራሱ ሲመጣስ? ይመጣል። ሴቷ ያለ ወንድ ትወልዳለች። እንቁላል አይደለም የምትጥለው፣ በእግሩ የሚሄድ ልጅ ነው። ልጁ በሳምንት ውስጥ እሱም ይወልዳል። ለዚህ ነው እሁድ አምስት የነበረው በሚቀጥለው እሁድ ቅጠሉን የሚያለብሰው። እኔ በአንድ ሊትር ውሃ አንድ የሻይ ማንኪያ የዕቃ ማጠቢያ ፈሳሽ ሳሙና እጨምራለሁ። የልብስ ዱቄት ሳሙና እንዳትጠቀሙ፣ ቅጠሉን ያቃጥለዋል። መጀመሪያ አንድ ቅጠል ላይ ሞክሩና አንድ ቀን ጠብቁ። ከዚያ አመሻሽ ላይ፣ ከሥር ወደ ላይ እርጩት። የሳሙና ውሃ የሚገድለው የነካውን ብቻ ነው። ከላይ ከላይ ከረጫችሁት ቅጠሉን አጠባችሁት እንጂ ክሽክሹን አልነካችሁትም። ጠዋት በንጹሕ ውሃ አለቅልቁት። ጉንዳን ግንዱ ላይ ሲወጣና ሲወርድ ካያችሁ ደግሞ ክሽክሽ እንዳለ እወቁ። ጉንዳኑ የክሽክሹን ጣፋጭ ፈሳሽ ነው የሚልሰው፣ እንደ ላም ይጠብቀዋል። ቀይ ጀርባ ላይ ጥቁር ነጠብጣብ ያላትን ጥንዚዛ ካያችሁ ግን እንዳትነኳት። እሷ የእናንተ ወገን ናት።

ለነጭ ዝንብ ቢጫውን የዘይት ጀሪካን ቆርጣችሁ ቫዝሊን ቀቡትና ከተክሉ ጎን ስቀሉት። ቢጫ ቀለም ትወዳለች፣ ሄዳ ትለጠፋለች።

አሁን ወደምወደው ጉዳይ ልምጣ።

መጋቢት ላይ ቅጠሉ ላይ ዱቄት የተነሰነሰ የሚመስል ነገር ይመጣል። በጣት ሲጠርጉት ይለቃል። መጀመሪያ ከሥር ባሉት፣ ጥላ ባገኛቸው አሮጌ ቅጠሎች ላይ ይጀምራል፣ ከዚያ ወደ ላይ ይወጣል። ባለሙያዎቹ ፓውደሪ ሚልዲው ይሉታል። እኔ “ዱቄቱ” እለዋለሁ። ብዙ ሰው ሻጋታ ሁሉ ከዝናብ ይመጣል ብሎ ያስባል። ይኼኛው አይደለም። ቅጠሉ ሳይረጥብ ይይዛል። በደረቅ ወቅት፣ ቀን ሞቆ ሌሊት ቀዝቀዝ ሲል፣ ተክሎቹ ተጠጋግተው ነፋስ ሲያጡ ይመቸዋል።

መድኃኒቱ ወተት ነው። ብራዚላዊው ተመራማሪ ቤቲዮል ይህንኑ በሽታ ዝኩኒ ላይ በላም ወተት ሞክሮ በፈረንጆቹ 1999 አሳትሟል። ከአሥር አንድ እጅ ወተት የሆነ ውሃ በየሳምንቱ ሲረጭ ከሱቅ መድኃኒት ጋር የሚወዳደር ውጤት አገኘ። ይህን ሳነብ ምን እንደተሰማኝ ልንገራችሁ። ዱቄቱ የሚመጣብን በመጋቢት ነው። በመጋቢት ምን አለ? ዐቢይ ጾም አለ። ላም ያላችሁ ታውቁታላችሁ፣ በሁዳዴ ወተት ገዢ ያጣል። ይኸው የሚተርፈው ወተት የሚፈለግበት ወር! አንድ ብርጭቆ ያልተፈላ ወተት፣ ዘጠኝ ብርጭቆ ውሃ። ፀሐይ ባለበት ጠዋት ቅጠሉን በሁለቱም በኩል እርጩት። በሳምንት አንዴ። ግን ቀድማችሁ ነው፣ ወይ የመጀመሪያዋን ነጭ ነጥብ ያያችሁ ዕለት። ቅጠሉ በሙሉ ከነጣ በኋላ ወተቱን ልጆቹ ቢጠጡት ይሻላል።

ሌላው ሚልዲው ዳውኒ ይባላል። ስሙ ቢመሳሰልም ዘመድ አይደሉም። ይኼኛው ውሃ ይወዳል። ቅጠሉ ለሰዓታት ረጥቦ ካደረ ይገባል። ከላይ ቢጫ ነጥብ ታያላችሁ፣ ነጥቡ ግን ክብ አይደለም። በቅጠሉ ጅማት ተከልሎ እንደ ጥልፍ አራት ማዕዘን ይሆናል። ጠዋት ጤዛ ሳይደርቅ ስትገለብጡት ከቢጫው ጀርባ ግራጫ፣ ወደ ወይን ጠጅ የሚሄድ አቧራ አለ። ለዚህ ወተቱን አታባክኑ። የያዘውን ቅጠል ቁረጡና አርቁ። ውሃ ከላይ አታጠጡ፣ ሥሩ ላይ አፍስሱ፣ ጠዋት አጠጡ። ኪያሩን መሬት ላይ አታንደባሉት፣ በእንጨትና በሲባጎ ወደ ላይ ስቀሉት፣ በመሐል አርባ ሳንቲሜትር ያህል ክፍተት ስጡት። ነፋስ ሲያልፍበት ይደርቃል። እኔ በክረምት ኪያር የማልተክለው በዚህ በሽታ ምክንያት ነው። ዘሩ በነፋስ ነው የሚመጣው። ጎረቤት አስያዘኝ እያላችሁ እንዳትጣሉ።

ቀይ ሸረሪትን ነጭ ወረቀት ይዛችሁ ፈልጉት። ቅጠሉን ከላዩ አራግፉት። የሚሄድ ደቃቅ ነጥብ ካያችሁ እሱ ነው። አቧራና ድርቀት ይወዳል፣ በተለይ ኮረኮንች መንገድ ዳር ያላችሁ ተጠንቀቁ። የቅጠሉን ጀርባ ጠንከር ባለ ውሃ በየሁለት ቀኑ እጠቡት። ጠዋት ይሁን፣ ቅጠሉ እንዲደርቅ።

አሁን ስለ ሌላዋ፣ ፍሬውን ስለምትወጋው ዝንብ። ይህች ዝንብ የኛን ስም ይዛ ዓለም ዞራለች። “የኢትዮጵያ የፍራፍሬ ዝንብ” ትባላለች። በአፍሪካ፣ በመካከለኛው ምሥራቅ እስከ ህንድ ድረስ አለች። እስራኤል ያሉ ገበሬዎችም በዚሁ ስም ነው የሚያውቋት። የምትፈልገው የዱባን ዘመዶች ነው፦ ኪያር፣ ዝኩኒ፣ ሐብሐብ፣ ቅል።

ፍሬው ገና አውራ ጣት ሲያክል መጥታ ቆዳውን ትወጋና እንቁላሏን ከሥሩ ታስቀምጣለች። የወጋችበት ቦታ ላይ ትንሽ ጠብታ ፈሳሽ ይወጣል፣ ይደርቃል። ያቺን ጠብታ ልመዱ። ፍሬው እዚያ ጋ ይጎብጣል፣ ይበሰብሳል። ስትከፍቱት ነጭ ትል ይርመሰመሳል። ትሉ ከጠገበ በኋላ ወደ አፈር ይገባል፣ እዚያ ተጠቅልሎ ቆይቶ ዝንብ ሆኖ ይወጣል። እንግዲህ የእኛ ስህተት የቱ ጋ እንደሆነ አስተዋላችሁ? የተበላሸውን ኪያር ቀጥፈን እዚያው ሥሩ እንጥለዋለን። ወይ ኮምፖስቱ ላይ። ለሚቀጥለው ዙር ዝንብ እያረባን ነው።

እኔ የማደርገው ይኸው ነው። የተወጋውን ፍሬ በየቀኑ እለቅማለሁ። በላስቲክ ከረጢት አስሬ ፀሐይ ላይ ለሁለት ሳምንት አስቀምጠዋለሁ። ውስጡ ያለው ሁሉ በሙቀት ያልቃል። ጤነኛውን ደግሞ አበባው እንደረገፈ በጋዜጣ ከረጢት አለብሰዋለሁ። ጋዜጣውን እጠፉት፣ ሁለት ጎኑን ስፉት፣ አፉን በክር አንገቱ ላይ ሸብ አድርጉት። ለሃያ ፍሬ የግማሽ ሰዓት ሥራ ነው። ባለፈው ዓመት ካለበስኩት ውስጥ አንድም አልተወጋም። ካላለበስኩት ውስጥ ደግሞ ለገበታ የበቃው ጥቂት ነው።

አበባው እስኪረግፍ ጠብቁ ያልኩት በንብ ምክንያት ነው። ኪያር ወንድና ሴት አበባ አለው። ሴቷ ከጀርባዋ ትንሽዬ ኪያር ይዛ ነው የምትወለደው። መጀመሪያ የሚወጡት ወንዶች ስለሆኑ “አበበ፣ አላፈራም” ብላችሁ አትደንግጡ። ሴቷ የምትከፈተው ለአንድ ቀን ነው። በዚያች ቀን ንብ ደጋግማ ካልመጣች ፍሬው ወይ ይረግፋል፣ ወይ አንድ ጫፉ ቀጥኖ ይጣመማል። ስለዚህ የመጀመሪያውን ሴት አበባ ያያችሁ ቀን ነጠላውን ግለጡ። ንብ ከጠፋባችሁ ጠዋት አንድ ወንድ አበባ ቀጥፉ፣ ቅጠሎቹን ላጡት፣ መሐሉን ከሴቷ መሐል አነካኩት። ይሠራል።

አንድ ነገር በጣም አደራ። ምንም ዓይነት መርዝ፣ ምንም፣ በሃይላንድ ጠርሙስ አትግዙ፣ አታስቀምጡ። ልጅ ውሃ መስሎት ይጠጣዋል። የግድ መርጨት ካለባችሁ በራሱ ዕቃ የታሸገ፣ ጽሑፍ ያለበት ይሁን። በጽሑፉ ላይ ከተረጨ በኋላ ስንት ቀን ሳይቀጠፍ መቆየት እንዳለበት ይላል። ኪያር በየሁለት ቀኑ የሚቀጠፍ፣ ከነልጣጩ የሚበላ ነገር ነው። “አሥራ አራት ቀን ቆይ” የሚል መድኃኒት ለኪያር ምን ይሠራል? እርጩ ቢባል እንኳ አመሻሽ ላይ፣ ንብ ወደ ቀፎዋ ከገባች በኋላ ይሁን።

ቅድም በወረቀት የላካችሁልኝ ጥያቄዎች አሉ። ጥቂቱን ልመልስ።

“ኪያሬ መረረ” ያላችሁኝ፦ ውሃ አስርባችሁታል። አንድ ቀን አጥለቅልቃችሁ አራት ቀን ስትረሱት ይመርራል። ጣታችሁን እስከ ሁለተኛው አንጓ አፈሩ ውስጥ ክተቱ። ደረቅ ከሆነ አጠጡ። ጫፍና ጫፉን ስትቆርጡት አብዛኛው ምሬት ይሄዳል።

“ከነሕይወቱ በአንድ ቀን ጠወለገ” ላላችሁኝ ደግሞ፣ ነቅላችሁ ሥሩን እዩት። ሥሩ ላይ እንደ ጨሌ የተደረደረ እባጭ ካለ ኔማቶድ የሚባል በዓይን የማይታይ ትል ነው። ሥሩ ቡናማ ሆኖ ከበሰበሰ ውሃ በዝቶበታል። በሁለቱም ቢሆን እዚያ መደብ ላይ ኪያርም ዱባም ዝኩኒም ለሦስት ዓመት አትድገሙ። ሽንኩርት ትከሉበት።

ስለ እንዶድ የጠየቁኝ እናት፣ ጥያቄዎን ወድጄዋለሁ። ዶክተር አክሊሉ ለማ በፈረንጆቹ 1964 አድዋ ላይ፣ ሰዎች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ዝቅ ብሎ የሞቱ የውሃ ቀንድ አውጣዎች አይተው ነው የቢልሃርዚያን መከላከያ ያገኙት። ትልቅ ነገር ነው። ግን ያው እንዶድ ዓሣም ይገድላል። ወደ ሐይቆቻችን በሚወርድ ቦይ አጠገብ ሆኜ እኔ ጓሮዬ ላይ አላፈሰውም። የምድጃ አመድ ግን ከኪያሩ ግንድ ዙሪያ ለቆራጭ ትል ነስንሱ፣ እናቶቻችን እንደሚያደርጉት። ቅጠሉ ላይ አታልብሱት።

እዚህ ጠረጴዛ ላይ ሰባት ቅጠል ደርድሬያለሁ። ሁሉም ከላይ ነው የሚታየው። ክሽክሹ የቱ ላይ እንዳለ፣ ዱቄቱ የቱ እንደሆነ፣ ጤነኛው የቱ እንደሆነ አልጻፍኩበትም። ወረፋ ይዛችሁ ኑ፣ እያንዳንዳችሁ ገልብጡና ንገሩኝ። ልጆቹ ይቅደሙ፣ ዓይናቸው ጥሩ ነው።